ጅራት ብቻ

በዴንቨርና በኦሮራ ሐበሻ ከተዳረ በዛብህ ፎቶ ሳያነሳው አይቀርም። ዓይን አውጣ ነው፤ ለጥሩ ፎቶ ሲል ቄሱን ራሳቸውን በክርኑ ገፋ ያደርጋል። ሥራው ሁሉ ግን አልበም ውስጥ ታሽጎ ሶፋ ሥር ይቀራል። ይሄ ያንገበግበዋል። ስለዚህ እትዬ ዘርፈሽዋል ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ምግብ ቤታቸውን ቀለም አስቀብተው፣ «የዮናስን ዓሣ ነባሪ ፊት ለፊት አንስተህ ካመጣህልኝ ትልቁ ግድግዳ ያንተ ነው» ሲሉት፣ ሳያቅማማ ካሊፎርኒያ ድረስ ነዳ።

የተከራያትን ጀልባ የምትነዳው ሴት ግን ዓሣ ነባሪዋን ከሩቅ ስታይ ሞተሩን አጠፋችው።

«ጠጋ በይ እንጂ! ፊቷን ልያዘው!» አላት፣ ሙሽራ የሚያነሳ ይመስል።

«ልጅ ይዛለች። ከተጠጋናት ደንግጣ ማጥባቷን ትተዋለች። ራሷ ከመጣች መጣች፤ ካልመጣችም መብቷ ነው።»

በዛብህ ሰርግ ላይ የሚያበርራት ድሮን ቦርሳው ውስጥ ነበረች። እጁ ወደዚያ ሲሄድ አየችው። «ድሮኗንም እንዳትነካት» አለችው።

ሲጠብቅ ዋለ። ብርዱ አጥንቱ ገባ፤ ቁርሱንም ለባሕሩ አስረከበ። በመጨረሻ እናቲቱ ጀርባዋን ሰጥታው ጠለቀች፤ ብቅ ያለው ጅራቷ ብቻ ነበር። እሱኑ አነሳ።

ሲመለስ እትዬ ዘርፈሽዋል መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ከላይም ከታችም አዩት።

«ፊቱስ?»

«ጅራቷን ነው ያገኘሁት፣ እትዬ።»

«ይህን ሁሉ አገር ነድተህ ቂጥ አንስተህ መጣህ? ሰው እየበላ ይሄን ይመልከት?»

ግድግዳው ከእጁ ሲወጣ ታየው። «እትዬ፣ ጅራቷ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንደኛ አሻራ ነው። ፎቶውን ዓሣ ነባሪ ለሚያጠኑት ሪሰርቸሮች ሴንድ አደረግኩላቸው። የአጥማጅ ገመድ ተተብትቦባት፣ ሞታለች ብለው ተስፋ የቆረጡባት ናት። ይኸው አለች! ያውም ወልዳ።»

እትዬ ዘርፈሽዋል መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወልዳለች?»

«ጨቅላ ይዛለች። ልጠጋት ብል ካፒቴኗ ከለከለችኝ።»

«አንተ ባለጌ! ካሜራ ደቅነህ አራስ ላይ ልትገባ ነበር? የሰው ዓይን ቢያርፍባትስ? እግዜር ይስጣት ሴትዮዋን!» አሉና ወደ ጓዳ ዞሩ። «መዶሻውንና ምስማሩን አምጡልኝ!»

ዛሬም ደንበኛ ሁሉ ከጎረሰ በኋላ ቀና ይልና ፊቱ የታለ ብሎ ይጠይቃል። በዛብህ ሊያስረዳ አፉን ሳይከፍት እትዬ ዘርፈሽዋል ከጓዳ ይቀድሙታል።

«አራስ ናት አልኩ! አንተ ብላና ውጣ።»