የክር ቀጣይዋ እንግሊዝኛ

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ግድቡ ጎደለ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ። የፈትል ፋብሪካው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሥራት ጀመረ። ደመወዝ በግማሽ ወረደ። በመጀመሪያው ወር ጽዳቶቹ ተሰናበቱ፤ በሁለተኛው ተሸካሚዎቹ፤ በሦስተኛው ከክር ቀጣዮቹ ሃያ ሁለቱ። ለቀሩት አሥራ ዘጠኝ ሴቶች በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማሽኖቹን የሚጠግኑት ባለሙያዎች ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይሰሙም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሠራተኛ የትኛው ማሽን ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጽፋ ማስታወቅ አለባት። ፈተናው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። የወደቀች ትሄዳለች።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ፣ ባልደረቦቿ «ቋጠሮ» የሚሏት የአርባ ሰባት ዓመት ሴት፣ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ቤት ሄደች። ወንድሟ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። በሩን ሲከፍት ደብተር በብብቷ ይዛ ቆማለች።

«ምነው እትዬ፣ በደህና?»

«ደህና ነኝ። አስተምረኝ።»

መምህሩ በሳቅ ሊያልፈው ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። አባታቸው ሲሞት እሷ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ እሱ ገና ፊደል ይቆጥራል። ትምህርቷን አቋርጣ ፋብሪካ ገባች። ጫማው፣ መጽሐፉ፣ የኮሌጁ ምግብ፣ ሁሉም ከዚያ ክር ተመዝዞ ወጣ። በሰባት ዓመቱ፣ «እኔ ልማርና አንቺን አስተምርሻለሁ» ብሏት ነበር። እሷ አንድ ቀን አላነሳችበትም፤ እሱም አንድ ቀን አልረሳውም። ገንዘብ ሲዘረጋላት «ልጆችህን አልብስበት» ትለዋለች።

ሦስት ቅዳሜ ቀላል ቀላሉን ይዘው ሄዱ። ማሽን፣ ክር፣ መስኮት፣ ቆመ፣ ተበጠሰ። በአራተኛው ቅዳሜ ሬላቲቭ ክሎዝ ላይ ደረሱና መንገዱ ተዘጋ።

«‹ማሽኑ ቆሟል› ብለሽ ብትጽፊ ሰውየው ‹የቱ?› ይላል» አላት። «ስንት ማሽን ነው ያላችሁ?»

«ዘጠና ስድስት። ቁጥሩማ ድሮ ነው የተፋቀው።»

«እንግዲህ መጀመሪያ ማሽን ብለሽ ትጠሪዋለሽ። ከኋላው ‹ዊች› ታስከትያለሽ። ከዚያ የቱ እንደሆነ ትነግሪዋለሽ።»

«ከኋላው?»

«ከኋላው።»

«እኛ ‹ትናንት ያቆምኩት ማሽን› ነው የምንለው። መጀመሪያ ጠባዩን፣ መጨረሻ እሱን። እነሱ እንግዳውን አስገብተው፣ አስቀምጠው፣ ከዚያ ነው ‹ማን ነህ?› የሚሉት?»

«እንደሱ በይው።»

«ጉድ ነው! ሌባ አይፈሩም።»

ሳቁ። ስትጽፍ ግን ሳቁ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ቃል ትጨምራለች። ‹ያቆምኩት ማሽን› ለማለት ‹ዘ ማሽን ዊች አይ ስቶፕድ ኢት› ትላለች። ‹ኢት›ን ይሰርዛል፤ መልሳ ታመጣዋለች። በሰባተኛው ጊዜ የመምህሩ ትዕግሥት አለቀ።

«እትዬ፣ ይህን እኮ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል!»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስምንተኛ አልደረስኩም» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ሰዓት ስንት እንደሆነ ተጠይቃ የመለሰች ነው የምትመስለው።

መምህሩ መሬት መሬቱን ሲያይ ደብተሯን ሰበሰበች።

«ሐሙስ ፋብሪካው ይሠራል። ና።»

ሐሙስ ሄደ። ሠላሳ አራት ዓመት ያበላውን ቤት ገብቶ አይቶት አያውቅም። የበሩ ዘበኛ መታወቂያውን አገላብጦ አየው።

«የቋጠሮ ወንድም ነህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

መታወቂያውን ተቀብሎ ገባ።

ድምፁ መጀመሪያ ደረቱን መታው፤ ጆሮው የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኖቹ ዓይን እስኪደክም ተደርድረዋል። በያንዳንዳቸው ላይ መቶ መቶ እንዝርት ይሾራል፤ ከያንዳንዱ እንዝርት አንድ ክር ተወጥሮ ይወጣል። የጥጥ ብናኝ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሁሉ መካከል እህቱ እጇን ወደኋላ አጣምራ በረድፉ ትሄዳለች። ድንገት ቆመች። እሱ ምንም አላየም። እጇን ሰደደችና የተበጠሰ ክር ሁለት ጫፍ ይዛ ወጣች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አንድ ጊዜ ተሻሹ፣ ጥፍሯ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ክሩ ጉዞውን ቀጠለ። እሱ ገና ትንፋሹን አልመለሰም።

«እንዴት አወቅሽ?» ጮኸ።

«ሲበጠስ ይሰማል!»

በዚያ ጩኸት ውስጥ! አንድ ቀጥላ ሰጠችው። «የት ላይ ነው የተቀጠለው? ፈልግ!» በጥፍሩ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። የለም። ለካ ስሟን ያወጡላት ቋጠሮዋ ስለማይገኝ ነው።

ጆሮው ላይ ተጠግታ፣ «ስታጋጥማቸው ጭራ ይተርፋል» አለችው። «ጭራውን ካልቆረጥከው ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ላይ ይያዝና መልሶ ይበጥሰዋል። አዲስ ገቢዎቹ መቁረጥ ይፈራሉ። የሚፈታባቸው ይመስላቸዋል።»

መምህሩ ክሩን እንደያዘ ቀረ። አሥራ ስምንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል፤ እንዲህ አድርጎ አስረድቶ አያውቅም።

«‹ኢት› ጭራው ነው!» ጮኸ። «‹ዊች› ቋጥሮታል! ብትቆርጪው አይፈታም!»

አየችው። ክሩን አየች። ከዚያ ብናኝ በለበሰው የማሽኑ ብረት ላይ በጣቷ በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ያቆምኩት ማሽን። ጭራ የለውም። ከሥሩ ሌላ ጻፈች፤ መስኮቱ አጠገብ ያለው ማሽን። ትንሽ አሰበችና ያላስተማራትን አደረገች፤ መስኮቱንም ቀጠለችው። መስታወት የሌለው መስኮት አጠገብ ያለው ማሽን።

«ቀጥሎ መቀጠል ይቻላል?»

«ይቻላል» አለ።

«ታዲያ ማለቂያ የለውም ማለት ነው?»

«የለውም።»

«ሰው እድሜ ልኩን አንድ ነገር ብቻ ሊናገር ይችላል?»

«ትንፋሽ ካላጠረው።»

ፊቷን ወደ ረድፉ መለሰች።

ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ አለፉ። እሷ ካለፉት መካከል ናት። በስልክ ስትነግረው ግን ስለ ውጤቱ ብዙ አላወራችም።

«ጠጋኙ ወረቀቴን አነበበ» አለችው። «አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ዘጠና አምስቱን ማሽን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቆመው ሄደ። ወንድምዬ፣ ጻፍኩት እኮ ነው። እና ሄደ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ ከአንድ ነጋዴ ጋር በስልክ ሲነጋገር ነበር። ነጋዴው ለልጁ አስጠኚ ይፈልጋል፤ ሰዓቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ክፍያው ጥሩ። በሩ ተንኳኳ። ስልኩን በጆሮው እንደያዘ ከፈተ። እህቱ ናት፤ ደብተሯን ይዛለች።

«ፈተናው አልቆ የለም እንዴ እትዬ?»

«የእነሱ አልቋል። እኔ ስድስተኛ ላይ ያቆምኩት አለ።»

«እንግሊዝኛውን?»

«ሁሉንም።»

በስልኩ ነጋዴው «ሃሎ? ሃሎ መምህር!» ይላል።

«ቅዳሜ አይሆንልኝም ጌታዬ» አለው መምህሩ። «ሰዓቱ የተያዘ ነው።»

«አሁን ‹ነጻ ነኝ› አላልክም? ከመቼ ወዲህ ነው የተያዘው?»

«ከሠላሳ አራት ዓመት ወዲህ» አለና ስልኩን ዘግቶ ወንበር ሳበላት።