ለብቻ የተነገረ መርዶ

ሰው ምን ያህል ቢማር ነው የእናትን ሐዘን በሰዓት ልለካ ብሎ የሚነሳው? ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህን እጠይቃለሁ፤ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።

ጣልያን ደሴን ከያዘ ዓመት አልፎት ነበር። እኔ፣ ሞላልኝ የምባለው፣ አስመራ ሳለሁ በቃረምኳት ጣልያንኛ ለአንድ ሐኪም አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሐኪም ልበለው እንጂ ቁስል አያጥብ፣ መርፌ አይወጋ። ሥራው የሐበሻን አእምሮ መመርመር ነው ተባለ። እኛ «ዶቶሬው» እንለዋለን። ገበሬውን፣ ቄሱን፣ ነጋዴውን እያስጠራ ወንበር ላይ ያስቀምጥና ጥያቄ ያዥጎደጉድበታል። «የማታውቀው ሰው ቢሞት ታለቅሳለህ?» «ጎረቤትህ ሲቆጣ አንተም ትቆጣለህ?» ሰዉም ክርስቲያኑ «እግዜር ያውቃል»፣ እስላሙ «አላህ ያውቃል» እያለ በትሕትና ያልፈዋል። ዶቶሬው ታዲያ ይህንን ይዞ፣ እናንተ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ልብ የላችሁም፣ የምታስቡት በመንጋ ነው ይለኛል። ጠመንጃ ያነገበ ወታደር በር ላይ አቁሞ ለሚጠይቅ ባዕድ ልቡን ዘርግፎ የሚያሳይ ሞኝ የት አለ? ይህ ለተማረ ሰው እንዴት ይጠፋዋል?

ነገሩ የከረረው መርዶ ያየ ዕለት ነው። ለሥራው ኮምቦልቻ ወርደን አድረን ሳለ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው የአንዲትን ሴት ቤት ከቦ ሲያረዳት ደረስን። ባሏ ከሞተ መንፈቅ አልፎታል፤ አገር ሁሉ ያውቃል፤ ለእሷ ግን ያን ጠዋት ነው የተነገራት። ዶቶሬው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ። ለምን እንደደበቋት ጠየቀኝ።

«መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም» አልኩት። «ዘመድ መሰብሰብ አለበት፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ በሽተኛ ወይም አራስ ካለችም ይቆያል።»

ሳቀ። «እንግዲያው ሐዘናችሁ እንደ ወታደር መለከት ነው። ሲነፋላችሁ ትነሳላችሁ» አለኝ። ደሜ ፈላ። እንጀራዬ ነውና ዋጥ አደረግሁት።

በሰኞ ገበያ፣ እኔ ባደግሁበት ሰፈር፣ እማማ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት አሉ። አንድ ልጃቸው በላቸው አብሮ አደጌ ነው። እናቴ ገበያ ስትውል የበላሁት እሳቸው ቤት፣ ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ ነው። በላቸው በኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ሳለ ድንጋይ ተናደበትና ሞተ። የሥራ ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። ወሬውን ይዘው ደሴ የመጡት የጨው ነጋዴው ሼህ ዘይኑልአቢዲን ናቸው፤ የእማማ አትጠገብ የግድግዳ ጎረቤት።

ያን ጊዜ የበላቸው ሚስት ገበያነሽ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ሼሁ ሰፈርተኛውን ሰበሰቡና «ወላሂ ይኸ ወሬ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ልጅቷ በሰላም ትገላገል፤ የልጁም ክርስትና ይነሳ። ያኔ ተሰብስበን እናረዳለን» አሉ። በላቸው ከመንገድ ሥራው መኪኖች ጋር አሰብ ወርዷል ተባለ። ገበያነሽ ወንድ ልጅ ስትወልድ ሼሁ አቡጀዲ ገዝተው «በላቸው ከአሰብ የላከው ነው» ብለው ለእማማ አትጠገብ ሰጧቸው። እሳቸውም ተቀብለው መረቁ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ ከልክ በላይ መሳቅ ልማዱ ሆነ።

ዶቶሬው ይህን ከየት እንደሰማ ልንገራችሁ። የመንገድ ሥራው ሹም ወዳጁ ነበር። ከሞቱት ሠራተኞች እናቱ ያልተረዳች ማን አለ ብሎ አጠያየቀ። አንድ ቀን እጁን እያፋተገ ጠራኝ።

«አገኘኋት!» አለኝ። «እዚህ ቢሮ እናስመጣታለን። ዘመድ የለ፣ አልቃሽ የለ። በሩን ዘግተን እንነግራታለን። ካለቀሰች ሐዘኑ የራሷ ነው። ካላለቀሰች ግን ሐዘኗ የጎረቤቶቿ ነው ማለት ነው።»

የነገረኝ ስም የእማማ አትጠገብ ነው። አራስ እንዳለች ነገርኩት። ክርስትናው እስኪነሳ እንዲታገሥ እግሩ ላይ ለመውደቅ ምንም አልቀረኝም።

«ከዚያማ ጎረቤቶቿ ይቀድሙኛል፤ ይበላሻል» አለኝ።

ይበላሻል! የሰውየው ነገር ይኸ ነው። የሚበላሽበት ሙከራው ነው እንጂ የእማማ አትጠገብ ልብ አይደለም።

በማግስቱ ወታደር ልኮ አስመጣቸው። እማማ አትጠገብ ነጠላቸውን አስተካክለው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ አለ። ዶቶሬው በሩን ዘጋ፤ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ልጅሽ ሞቷል በላት» አለኝ።

«አልልም» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«ይኸ ከአፌ አይወጣም። ከፈለግህ አባረኝ፤ ከፈለግህም እሰረኝ።»

በንቀት አየኝና ወደ እሳቸው ዞረ። ለካ ለዚህች ቀን ጥቂት የአማርኛ ቃል ሲያጠና ኖሯል።

«አንቺ ልጅ ሞተ» አላቸው። «በላቸው። ሞተ።»

እንዲህ ነው የእናት መርዶ የተነገረው! ታላቅ ሰው «አንቱ» በሚባልበት አገር፣ የልጅ ልጅ ያየችን ሴት «አንቺ» ብሎ፣ በሰዓት እየለካ። ሰውየውን አንቆ መጣል አሰኘኝ።

እማማ አትጠገብ ለአፍታ አዩት። እጃቸው ነጠላቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ሞላ፣ ጌታው ምን ይላሉ? አማርኛቸው አልገባኝም።»

ዶቶሬው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«እንጃ እቴ! በላቸው አሰብ ነው። ለልጁ ክርስትና ይመጣል» አሉና ተነሡ። «አራስ ቤት ጥዬ ነው የመጣሁ። ይፍቀዱልኝ በልልኝ።»

ወጡ። ዶቶሬው ሰዓቱን አንሥቶ እያየ «አየህ? ምንም! አንዲት ጠብታ የለም። ለብቻዋ ስትሆን አታዝንም» አለኝ። ደስታው ሎተሪ የወጣለት ሰው ደስታ ነበር።

ጥዬው ሮጥኩ። እማማ አትጠገብን ቁልቁለቱ ላይ ደረስኩባቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው። አጠገባቸው ቆምኩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ዱሮ ነው ያወቅሁ። ዘይኑ አቡጀዲውን ሲሰጠኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተስ ብትሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ቀና ብለህ አይተኸኛል?»

አንገቴን ደፋሁ። «ታዲያ እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው።

«ባልችለውስ? ገበያነሽ ሰምታ ጡቷ ቢደርቅ የበላቸውን ልጅ ምን አጠባዋለሁ? ደግሞስ ለብቻዬ ጮኼ የት እደርሳለሁ? በላቸው ወገን የሌለው ነው እንዴ፣ ፈረንጅ ቢሮ ውስጥ የሚለቀስለት?» ከዚያ ክንዴን ያዙ። «ለዘይኑ አውቃለች ብለህ እንዳትነግረው። ሰፈርተኞቹ ስንት ደክመውልኛል፤ አላሳፍራቸውም።»

ለማንም አልተነፈስኩም። ዶቶሬውም ጣልያንኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላላገኘ አላባረረኝም። የጻፈውን እያነበበ ሲደሰት ማየቴ ግን ከመባረር ይብስ ነበር።

ክርስትናው በሰላም ተነሣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰፈርተኛው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ግቢው ውስጥ ቆመ። ሴቶቹ ወደ ገበያነሽ ገቡ፤ ሕፃኑን ተቀብለው ያዙ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ወደ እማማ አትጠገብ ጠጋ አሉ።

«እህቴ፣ አብሽሪ። ጌታ የሰጠንን አማና፣ አደራውን፣ ወስዷል» አሉ። ከዚያ በላይ መናገር አቃታቸው፤ ጥምጣማቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ተንሰቀሰቁ።

እማማ አትጠገብ የጮኹት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ታፍኖ የከረመው ነው አንድ ላይ የወጣው። ሊወድቁ ሲሉ ጎረቤቶቻቸው መዲናና የኔነሽ ከሁለት ወገን ደግፈው ያዟቸው። ደረታቸውን ሲደቁ እጃቸውን ያዙላቸው፤ ሲዝሉ አረፍ አደረጓቸው።

ለቅሶው ሩቅ ይሰማል። ዶቶሬው በመኪና ደረሰና ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ጠራኝ። ብዕሩን አውጥቷል።

«ተመልከት!» አለኝ። «ያቺው ሴት ናት! ዛሬ ሕዝቡ አልቅሺ ስላላት አለቀሰች። እኔ ያልኩት ይኸው ነው።»

አፌን ከፍቼ ልመልስለት ስል እማማ አትጠገብ ሙሾ አወጡ። 

«በተዘጋ ቤት ውስጥ እንባዬን ቢጠይቅ፣
ለወገን ነው ብዬ ይዤው ወጣሁ ስስቅ።»

ሕዝቡ ተቀብሎ አስተጋባው። ስለምን እንደተባለ ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ዶቶሬው ተርጉምልኝ አለኝ። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ጻፈው።

«ጥንታዊ ግጥም ነው፣ አይደል?» አለኝ ቀና ሳይል። «ከቅድመ አያቶቻችሁ የወረደ?»

«አይደለም» አልኩት። «አሁን ነው የወጣው። ስለ አንተ ነው።»

ብዕሩ ቆመ። ምን እንዳለኝ አልሰማሁም፤ የአስተርጓሚነት ባርኔጣዬን አውልቄ እሱ እጅ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ግቢው ገባሁ። ሼሁ ሲያዩኝ ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም በላቸውን እስከዚያች ጠዋት አላለቀስኩትም ነበር።