ደወል ሲደወል የጠፋችው ሙሽራ

1

አንቺ እህቴ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ። ፍቅርተ የምትባል ሙሽራ አለች። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

2

ሰው አልገደልኩም፣ እመቤቴ ትጠብቀኝ። የደብራችንን የክርስትና መዝገብ ኮምፒውተር ላይ የማስገባው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን ፐርል በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራችልኝ ልጄ ቤዛዊት ናት። ልጆቼ ሁሉም ቤት ይዘው ስለወጡ ሥራ ፈት እንዳልሆን ብላ ነው።

3

ትናንት የፍቅርተን የክርስትና ስም ሳርም የቅዳሴ ደወል ተደወለ። እኔ ለጸሎት ቆሜ ማሽኑ ሥራ ላይ? ነውር ነው። ፕሮግራሙን የሚያስቆሙትን ቁልፎች፣ ኮንትሮልና ሲን፣ ተጫንኩ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፋሁ፣ ሄድኩ።

ሁሌም እንዲያ ነው የማደርገው።

4

ቤዛዊት ስታየው ራሷን ያዘች። ፕሮግራሙ ስም ሲያርም መጀመሪያ አሮጌውን መስመር ይሰርዛል፣ ከዚያ አዲሱን

4

ስልክ ጠርቶ ነው። ከመጀመሪያው ልበልልሽ።

ቤዛዊት ስታየው ራሷን ያዘች። ፕሮግራሙ ስም ሲያርም መጀመሪያ አሮጌውን መስመር ይሰርዛል፣ ከዚያ አዲሱን ይጽፋል። የኔ ጣት የላከው የ"አቁም" ምልክት መሃል ላይ ደርሶ ገደለው። አሮጌዋ ፍቅርተ ተሰርዛለች፤ አዲሷ አልተጻፈችም።

የወረቀቱን መዝገብ ደግሞ አምና የጣራው ፍሳሽ በልቶታል።

5

"ምልክት ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትማ" አለች።

"እኔ ዳዊት ስደግም በር ቢንኳኳ መዝሙሩን ጨርሼ ነው የምከፍተው" አልኳት። "የግድ ካቋረጡኝም ያንኑ መዝሙር ከራሱ እጀምራለሁ። ይሄን እንኳን አላስተማርሽውም?"

ተቀምጣ ፕሮግራሙን አስተካከለች። አሁን ምልክት ሲመጣበት የያዘውን ጨርሶ ነው የሚቆመው። ሲያነብ ካቋረጡትም ያንኑ እንደገና ይሞክራል።

ዲግሪው የሷ፣ ትምህርቱ የኔ።

6

ፍቅርተን ግን አልመለሰልንም። ሰርጓ ነገ ነው፤ ያለ ክርስትና ወረቀት ደግሞ አትቆርብም፣ አታገባም። የደብራችን ቄስ ወልደ ሐና መላ አገኙ፤ ክርስትና እናቷ መሰከሩ፣ ቅጽ ወጣ። እኔ ሞልቼ ልፈርም፣ እሳቸው ማኅተም ሊያደርጉ። አንድ መስመር ብቻ ቀርቶኛል።

ቤዛዊት ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "የፕሮግራም ስህተት በይው፣ እማዬ። እኔ እሸከመዋለሁ" አለችኝ።

ውሸት አይደለም እኮ።

እውነትም አይደለም።

ማኅተሙን ይዘው የሚጠብቁኝ ቄስ ደግሞ የንስሐ አባቴ ናቸው።

7

መዝገቡ የጠፋበት ምክንያት፦


ፊርማ፦


እህቴ፣ አንቺ የተሻለ ታውቂያለሽ። እስክሪብቶው ይኸው፤ ላይኛውን መስመር ሙዪልኝ።