ንጹሕ የተባለው ጋዝ

ከላያችን የምትኖረውን ልጅ ሕንፃው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። ገና አልተመረቀችም፤ ቢሆንም የታችኛው ፎቅ እማማ ደረጃ ላይ እየጠበቁ የሚያማቸውን ጉልበት ያሳይዋታል። እሷ የምታጠናው ግን በዓይን የማይታዩ የባሕር ተሕዋስያንን ነው፤ ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ምግብ የሚያደርጉትን። ሙቅ ባሕር ነው የሚወዱት ይባላል። እሷ በእኛ ቀዝቃዛ ዳርቻም ይሠራሉ ባይ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዬ ሄደን ውሃ ቀዳን። የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ የሰው ቤት ውሃ ሳቆም ኖሬ በዚህ ዕድሜዬ ውሃ ቀጂ ሆንኩ።

«እዚህ መኖራቸውን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ዘረ መላቸው ውሃው ውስጥ ተገኝቷል።»

«ፈርመው ገብተዋል ማለት ሠርተዋል ማለት ነው? መሥሪያ ቤት ገብተሽ አታውቂም።»

«ጋዙ ለዚያ ነው፣ ጋሼ።»

ከተራው ከበድ የሚል የናይትሮጅን ጋዝ የቀዳነው ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ትጨምራለች። በማግስቱ ያው ናይትሮጅን በተሕዋስያኑ ገላ ውስጥ ከተገኘ፣ ከአየር በልተዋል ማለት ነው። ተገኘ። የመመረቂያ ጽሑፏ ተላከ፤ የምረቃው ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ ያለ ጋዝ አንዳንዴ አሞኒያ እንደሚቀላቀልበት ያነበበችው። አሞኒያ የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ማንም ተሕዋስ ይበላዋል፤ ከአየር ባይወስድም ከባዱ ናይትሮጅን ገላው ውስጥ ይገኛል። ከሲሊንደሩ የተረፈውን ልፈትሽ አለች።

«ምን አስጨነቀሽ? ጣይውና ተገላገይ።»

«እርስዎ ቧንቧ ገጥመው፣ ውሃ ሳይለቁበት ግድግዳውን ይለስናሉ?»

«አንዳንዴ» አልኩ። እውነቴን ነው።

ሰኞ ፈተሸች። ማታ በሯ ላይ ቁልፏን ይዛ ቆማ አገኘኋት። «አሞኒያ አለበት» አለች። እዚያው ቆማ ለመምህሯ ጽሑፉ ይቅር ብላ ጻፈች፤ ቀጥሎ ምረቃው መዘግየቱን ልትነግር እናቷ ጋ ደወለች።

«ለዘመድ ሁሉ ነግሬ!» ሲሉ ከስልኩ ውጭ ድረስ ተሰማ።

አዲስ ጋዝ መጣ። መጀመሪያ እሱን ፈተሸች፤ አሞኒያ የለበትም። አንድ ዓመት እንደገና ቀዳን። በብርዱ ወራት ከተቀዳው ምንም አልተገኘም፤ በሙቀቱ ወራት ከተቀዳው ጥቂት ተገኘ። ልክ እንደዚያው ጻፈችው። ጽሑፉ አጠረ።

እናቷ መጥተው ሲጠይቋት እኔም ነበርኩ።

«እና ምን አገኘሽ?»

«ሲሞቅ ትንሽ ይሠራሉ። ሲበርድ ሲሠሩ አላየሁም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ያስመርቃል?»

«ያስመርቃል።»