የብረት ዘመን ሰው

"ካንጂ! ያ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ወንድምህ ዳያ አይደለም እንዴ?"

ካንጂ መሰላሉ ላይ እንዳለ ግድግዳው ላይ የሚስለውን ሰውዬ የተጨበጠ እጅ ማጥቆሩን አላቆመም። "ይመስላል እንዴ እትዬ ሱሺላ?"

"መምሰል ብቻ! አፍንጫው ራሱ ነው።"

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው ትልቅ ክብ ለአራት ተከፍሏል፤ የወርቅ፣ የብር፣ የመዳብና የብረት ዘመን። አሁን ያለነው በብረቱ ማብቂያ ላይ ነው፤ የሰው ልቦና ሲነቃ ክቡ ዞሮ ወርቁ ይመለሳል። ነጭ ለባሿ እትዬ ሱሺላ ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ሥዕሉ ይመረቃል፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ይመጣል። ካንጂም የአባታቸውን የውሃ ጉድጓድ የቆለፈበትንና አስራ አንድ ዓመት ያላናገረውን ታላቅ ወንድሙን ከብረት ዘመን ክፉዎች መሃል ገትሮ ለሰፈሩ ሊያሳየው ነው። ምን ያድርግ፣ አንጀቱ አሯል።

"አጥፋው" አሉ እትዬ ሱሺላ።

"አላጠፋም! ባለፈው ክረምት እግሬ ሲሰበር አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ደጄ ላይ ወተት ያስቀመጠልኝ ማነው? ወንድሜ ነው? እናንተ ናችሁ! እዚህ መጥቼ ጎህ ሳይቀድ አብሬያችሁ ለተመስጦ የምቀመጠው ለምን ሆነና? በዚህ ዘመንም ልቡ የነቃ ሰው እንዳለ ያወቅሁት በዚያ ወተት ነው።"

"የምን ወተት?"

"በጣሳ የላካችሁልኝ ነዋ!"

"አንተ ሰው፣ እኛ ላም አለን እንዴ? የራሳችንን ሻይ የምናፈላው እንኳ ከዳያ ቤት በምንገዛው ወተት ነው። ባየኸኝ ቁጥር 'እግዜር ይስጥልኝ' ስትለኝ ለትምህርቱ መስሎኝ ነበር።"

ካንጂ ከመሰላሉ ወርዶ መሬት ላይ ዘጭ አለ። በሰፈሩ የቤት ጎሽ አርብቶ የሚያልበው ዳያ ብቻ ነው። ይህን እያወቀ አራት ወር ሙሉ እንዴት አልታየውም? አፈረ። ከሀፍረቱ የሚበልጥ ደስታም ተሰማው፤ ወንድም ነበረው ለካ። እንባውን በቀለማም እጁ ጠረገና ጉንጩን አጠቆረው።

"በቃ፣ ወደ ወርቁ ዘመን አዛውረው" አሉ እትዬ ሱሺላ አዝነውለት።

"እዚያማ ምን ይሠራል? የታመመ የለ፣ የተራበ የለ። ሰውዬው የሚያስፈልገው እዚህ ነው።" ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጥሎ ወጣ።

"ኧረ ሰዉ ሊመጣ ነው!" አሉ ከኋላው። አልሰማቸውም።

ዳያ ጎሿን እያጠበ ነበር። ወንድሙ ሲመጣ ቀና አላለም።

"ጋሼ፣ ወተቱ ያንተ ነበር?"

"የጎሿ ነው።"

"ተው እንጂ! ለምን አልነገርከኝም?"

"ብታውቅ ትጠጣው ነበር?"

ካንጂ አሰበበት። "አልጠጣውም።"

"ታዲያ!"

ሁለቱም ሳቁ፤ ዳያ ግን ቶሎ ፊቱን ወደ ጎሿ መለሰ። ካንጂ ጠጋ ብሎ የወንድሙን ጉልበት ነካና እጁን በራሱ ግንባር ላይ አሳረፈ፤ ታላቅ የሚከበረው እንዲህ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ለአዳራሹ ሰዎች ስሰጥ የከረምኩት ምስጋና ያንተ ነበር። አሁን ተነስና ወደ አዳራሹ እንሂድ።"

"እዚያ ምን አለኝ?"

"ከክፉዎቹ ጋር ስዬሃለሁ። ጉድጓድ ስትቆልፍ።"

"ቆልፌያለሁ እኮ" አለ ዳያ።

"ቆልፈሃል። እኔም አስራ አንድ ዓመት አኩርፌያለሁ። ሥዕሉ ላይ እጅህን ከፍቼ ጣሳ አስይዝሃለሁ፤ ከጎንህ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ አለ፣ ራሴን እስልበታለሁ።"

"ሰው ሁሉ እያየን?"

"እያየን።"

ዳያ እጁን በጨርቅ አደራረቀና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። "እንግዲያው" አለ፣ "ሆዴን ትንሽ ቀንስልኝ።"