የሳያት ሕመም

ፈትለወርቅን ሆዷን የቆረጣት በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ መቱ ገበያ ልብስ ስትሸጥ ነው። እናቷ እትዬ ዘውደነሽ ልጃቸው እጥፍ ብላ ስትወድቅ ሲያዩ ሮጠው ደገፏት። ታላቅ እህቷን ሳያትንም እንዲሁ ነበር የጀመራት። ዛር ነው ተብሎ ጠበል ገባች፤ እዚያም እህል ሳትቀምስ ስትሰነብት ባሰባት። እግሯ ዛለ፣ ቃዠች፣ በዚያው አረፈች።

«ጠበል እንውሰዳት» አሉ፣ ሌላ መላ ቢያጡ።

«እማማ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ትታይ» ብሎ ለመናቸው የፈትለወርቅ ባል ጎንፋ።

ሐኪሟ ኢሊሊ የአገሩ ልጅ ናት። የፈትለወርቅን ሆድ ብትመረምር ምንም አላገኘችም። መስኮት ላይ ያኖረችው የሽንት ናሙና ግን ብርሃን ሲያገኘው ጠቆረና የወይን ጠጅ መሰለ።

«መቼ መቼ ነው የሚነሳባት?»

«ጾም ሲገባ፤ እንዲህ ግን ብሶባት አያውቅም» አለ ጎንፋ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም።»

«ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?»

እትዬ ዘውደነሽ የሳያትን ነገር ነገሯት። ኢሊሊ ለፈትለወርቅ ግሉኮስ ተከለችላት፤ ናሙናውንም አዲስ አበባ ላከች።

ውጤቱ ሲመጣ «ፖርፊሪያ ይባላል» አለቻቸው። «ከዘር የሚወረስ፣ ብዙ የማይታይ ሕመም ነው። ረኀብና አንዳንድ መድኃኒት ይቀሰቅሱታል። ፈትለወርቅ፣ ጃባዱ፣ አይዞሽ! ምግብ ካላጓደልሽ በጤና መኖር ትችያለሽ።»

«ሳያትንም የገደላት ይኸው ነው?» አሉ እትዬ ዘውደነሽ።

«እሷን አላየኋትም፣ እናቴ። ግን ይመስለኛል።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሳያት ጠበሉ ደጃፍ «እማዬ፣ ትንሽ ቂጣ» ስትላቸው «ታገሺ ልጄ፣ ሊለቅሽ ነው» ብለዋት ነበር።

አልቅሰው ሳይጨርሱ ብድግ አሉ። የሳያት ልጅ ገሊላ ከአባቷ ጋር ኖፓ ወረዳ ትኖራለች፤ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ዘንድሮ እንደ ትልቅ ሰው መጾም ጀምራለች።

የንስሐ አባታቸውን ሲያማክሩ «ለታመመ ሰው እህሉ መድኃኒቱ ነው» አሏቸው። «ፈትለወርቅም ገሊላም የጾሙን ምግብ በጠዋት ይብሉ።» በማግስቱ ኖፓ ገቡ።

ገሊላ ቁርሱ ሲቀርብላት አንገቷን ደፋች።

«እምዬ፣ እኔ እኮ አላመመኝም። ኃጢአት አይሆንብኝም?»

«እስክትመረመሪ ነው። ያንቺን እኔ እጾምልሻለሁ» አሏት እትዬ ዘውደነሽ። «እባክሽ ልጄ፣ ብዪልኝ።»

ገሊላ ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች። ከዚያ እጇን ታጥባ ቀረበች።