እናቴን የሚገፋ ማሽን

እናቴ ደረጃ ላይ አዳልጧት ከወደቀች ወዲህ ታላቅ ወንድሜ ሙጭጭ ብሏል፦ ፎቅ ላይ ያለውን ቤቷን ለቅቃ እሱ ጋ ምድር ቤት ትግባ። እሷ ደግሞ «ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ትላለች። ውጭ ተምሬ የተመለስኩት እኔ፣ እንደ ልማዴ ሳልጠየቅ ጥልቅ አልኩ።

«ማሽኑ ይፍረድ።»

ማሽኑ ቤተ ሙከራችን ያለው ትሬድሚል ነው። ሰው እየተራመደበት ሳለ ኮምፒውተሩ ባሻው ቅጽበት ከእግሩ ሥር ያለውን ላስቲክ ነጨቅ ያደርገዋል፤ እኛ ለዚህ ግፊት እግሩ የሚሰጠውን መልስ እንለካለን። ከግፊቱና ከመልሱ ተነስተን ሚዛን የሚጠብቀውን የውስጥ አሠራር በሒሳብ እናወጣለን። ይህን ለመማር ስንት ክረምት በረዶ ላይ ስንሸራተት ኖሬያለሁ።

«ዶክተር፣» አለ ወንድሜ፣ «ሰው ገፍቶ ይወድቃል አይወድቅም ለማለት ባሕር መሻገር ነበረብህ? የሰፈር ጎረምሳ በነጻ ይሠራልህ ነበር።»

እናቴ ከጣሪያው በወረደ ማንጠልጠያ ታስራ ማሽኑ ላይ ወጣች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ከኔ ጎን ተቀመጠች።

ውጤቱን ሳይ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። የእናቴ እግር ግፊቱ ሳይመጣ መልስ ይሰጣል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ተጠርቶ መጣና መነጽሩን አውልቆ አየው። «ይሄማ ግኝት ነው» አለ። «ስትጽፈው የኔን ስም አስቀድም።»

«እና አትወድቅም?» አለ ወንድሜ።

«ከኔም ካንተም በፊት አትወድቅም» አልኩት።

«ሰማህ?» አለችው እናቴ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ጥርጣሬ አመሌ ነው፤ ሙከራውን ደገምኩት። አሁን ያየሁት ግራፉን ሳይሆን ክፍሉን ነው። ከኔና ከአክስቴ ፊት ባለው ስክሪን ላይ የሚቀጥለው ግፊት ትንሽ ቀደም ብሎ በቀይ ይታያል። ቀዩ ብቅ ሲል አክስቴ «እኔን» ትላለች፤ እናቴ ጉልበቷን ታጠነክራለች፤ ላስቲኩ ከዚያ በኋላ ይነጨቃል።

«አክስቴ፣ ምነው ቀድመሽ እኔን ትያለሽ?»

«ከተሰበረች በኋላ ብላት ምን ይረባታል?»

አክስቴን ኮሪደር ላይ አስቀምጠን ደገምነው። በመጀመሪያው ግፊት እናቴ እንደ ታጠበ ካፖርት ማንጠልጠያው ላይ ተንጠለጠለች። ወንድሜ አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ኃላፊው ግን «የመጀመሪያውን ውጤት ነው የምናሳትመው» ብሎ ወጣ።

ያኔ መላ መጣልኝ። የእናቴ ሚዛን ግማሹ እሷ ውስጥ፣ ግማሹ እህቷ አፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ አክስቴ አብራት ትኑር፤ ቤቱም አይለቀቅ። ወንድሜ ሳይቀር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከኮሪደሩ የተመለሰችው አክስቴም ስለ መጋረጃው ቀለም ጀመረች፦ «ያ ቡናማው በመጀመሪያ ይነሳል። ድሮም ዓይን የለሽም።»

እናቴ ማንጠልጠያውን ቀስ ብላ ፈታች። እህቷን አየች፤ አሁንም ስለ መጋረጃው ነው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«ያንተ ምድር ቤት፣» አለችው፣ «መስኮቱ በየት በኩል ነው?»